ቀኑን ሙሉ መልስ ስንሰጥ ውለን ሥራው የሚያድረው ለምንድን ነው?

ባለመዝገብ
ሰላም ለሁላችሁም። በቀጥታ ልግባበት። የተቀጠርኩት የወር ሪፖርት ለማዘጋጀት፣ ውል ለመመርመርና የክፍሉን ዕቅድ ለማውጣት ነው። የምውለው ግን መልስ ስሰጥ ነው። ኢሜይል አለ። ቲምስ (የቢሮው ቻት) አለ። የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ አለ፣ አለቃችን የሌለበት ሌላ ግሩፕ ደግሞ አለ (ሁላችሁም አላችሁ፣ አትካዱ)። ሥራ የሚመዘገብበት ሲስተም አለ። ስልክ አለ። አንድ ሰው ፋይል ፈለገ እንበል። መጀመሪያ በኢሜይል ይጠይቃል፣ ትንሽ ከዘገየሁ ቴሌግራም ላይ "ኢሜይሌን አየኸው?" ይላል፣ ከዚያ ይደውልና "ቴሌግራም ላይ ጽፌልህ ነበር እኮ" ይላል። ሦስቱንም የምመልሰው እኔ ነኝ፣ ፋይሉን የምፈልገውም እኔ።

የሚገርመው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሰነፍ የለም። ሁሉም ይሯሯጣል። ማታ ላይ ግን "ዛሬ ምን ሠራህ?" ብትሉኝ ይኸው ብዬ የማሳያችሁ ነገር የለኝም። ዋናው ሥራ ወይ ቤት ይሄዳል ወይ ያድራል።

"ስልክህን አጥፋ" የሚል ምክር ግን ይቅርብኝ። ባጠፋ እንጀራዬም አብሮ ነው የሚጠፋው። ከዚህ ውክቢያ የምር የወጣ ሰው ካለ ምን አድርጎ እንደወጣ ይንገረኝ።

ዝም በል
ኖቲፊኬሽን ዝጋ። ከቀይዋ ቁጥር ጀምር። አለቀ።

ባለመዝገብ
ወንድሜ፣ ከዘጋሁት ቆየሁ። ድምፅም የለም፣ ቀይ ቁጥርም የለም። ታዲያ ምን ሆነ መሰለህ? እጄ ራሱ ሄዶ ይከፍታል። እዚያ ጋ አንድ ሰው መልሴን እየጠበቀ እንደሆነ አውቃለሁ። ስልኩ ዝም ቢልም ሰውዬው ዝም አላለም።

የሲስተም ሰው
እነዚህን ነገሮች የምጭነውና የማስተዳድረው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ከውስጥ ሆኜ ልንገርህ። አፑ ላይ ብዙ አትፍረድ። ጣጣው የመጣው መላክ ነፃ ከሆነ ወዲህ ነው። ሬይ ቶምሊንሰን የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያውን የኔትወርክ ኢሜይል ሲልክ (የ@ ምልክቷን የመረጣትም እሱ ነው) ሰው ለሥራ ባልደረባው ማስታወሻ ለመላክ ማስተየብ፣ ማስፈረም፣ ቁጥር ማሰጠት፣ ተላላኪ መፈለግ ነበረበት። ያ ሁሉ ልፋት እንደ ወንፊት ሆኖ ያገለግል ነበር። የማይረባው ጥያቄ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል። "ተወው፣ ራሴ ልፈልገው" ይባላል። ዛሬ ወንፊቱ የለም። ጥያቄው ወደ አእምሮህ ከመጣበት ሰዓት እስከ ጓደኛህ ስክሪን ድረስ ያለው ርቀት የጣት ጫፍ ነው።

ጄቨንስ የሚባል እንግሊዛዊ የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1865 ስለ ድንጋይ ከሰል የጻፈው ነገር አለ። የእንፋሎት ሞተር ከሰል እየቆጠበ ሲሄድ የአገሪቱ የከሰል ፍጆታ የሚቀንስ ይመስላል። የሆነው ግን ተገላቢጦሹ ነው። ሞተሩ አዋጭ ሲሆን በየፋብሪካው ተተከለ፣ ከሰሉም ከበፊቱ ይበልጥ ነደደ። ኢሜይሉም፣ ቻቱም፣ የቪዲዮ ስብሰባውም እንዲሁ ነው። አንዱን መልእክት ለመላክ የሚፈጀው ጊዜ ቀነሰ፣ መልእክቱ ግን በዛና የቆጠብነውን ጊዜ ከነወለዱ ወሰደው።

ግሩፕ ደግሞ ሒሳቡ ከባድ ነው። 5 ሰው ካለ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሊነጋገሩበት የሚችሉት መስመር 10 ነው። 10 ሰው ሲሆን 45። 20 ሲሆን 190። ሰዉ እጥፍ ሲሆን መስመሩ ከአራት እጥፍ ያልፋል። ለዚህ ነው ትንሽ ቡድን ሆናችሁ ሰላም የነበረው ግሩፕ "እነ እንትናም ይግቡበት" ከተባለ በኋላ የሚያብደው።

እኛ ክፍል የተስማማነው እንዲህ ነው። የሚቃጠል ነገር ካለ ስልክ ይደወላል። ዛሬ ማለቅ ያለበት ነገር ቲምስ ላይ ይጻፋል። የተቀረው በኢሜይል ነው፣ መልሱም እስከ ነገ ይጠበቃል። ቴሌግራም ለሰላምታ፣ ለልደትና ለሐዘን ነው፣ ሥራ አይገባበትም። ይቺን ወረቀት ላይ ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ቀላል ነው። ከባዱ ሰው በተሳሳተ በር ሲመጣ በዚያው በር አለመመለስ ነው። ቴሌግራም ላይ ለተጠየቀ የሥራ ጥያቄ "ቲምስ ላይ ጣልልኝ፣ እዚያ እመልስልሃለሁ" ትላለህ። መጀመሪያ ሰው ይቀየማል፣ በኋላ ይለምደዋል።

ጥቅሙ የት ላይ እንዳለ ልንገርህ። ስልክህ ካልጮኸ የሚቃጠል ነገር እንደሌለ ታውቃለህ። እጅህ ራሱ ሄዶ እንዲከፍት የሚያደርገው ይህን አለማወቅህ ነው።

ፊት ለፊት
ይሄ ሁሉ በር የምትዘጉበት ነገር በር ላላችሁ ሰዎች ነው 😅 እኔ ደንበኞች አገልግሎት ላይ ነኝ። መልስ መስጠት ራሱ ሥራዬ ነው። "እስከ ነገ እመልስልሃለሁ" ብል ደንበኛው በኮሜንት ነው የሚጠብቀኝ።

እውነቱን ለመናገር ግን የሚያደክመኝ ደንበኛው አይደለም። ደንበኛ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፣ ይመለስለታል፣ ይሄዳል። የሚያደክመኝ ደንበኛ በስልክ ይዤ እያለሁ ከውስጥ የሚመጣው ነው። "ትናንት ስንት ቅሬታ ገባ?" "ይሄን ፎርም ሞልተሻል?" "ግሩፕ ላይ ያለውን አንብቢ።" ጆሮዬ ደንበኛው ጋ፣ ዓይኔ ግሩፑ ላይ፣ እጄ ሲስተሙ ላይ። ከዚያ ሰውዬው "ምን አልሽኝ?" ሲል እኔም ምን እንዳልኩ አላውቀውም።

የሲስተም ሰው
@ፊት ለፊት ልክ ነሽ፣ ለአንቺ ሥራ ደንቡ ሌላ ነው። ተረኛ ነው የሚያዋጣችሁ። ከውስጥ የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ ግማሽ ቀን አንድ ሰው ብቻ ይቀበላል፣ ሌላው ደንበኛ ላይ ይሆናል፣ ከዚያ ትቀያየራላችሁ። የኔ ክፍልም እንደዚያ ነው የሚሠራው። "ኮምፒውተሬ ቆመ" የሚለው ሁሉ ለተረኛው ይሄዳል፣ የቀረነው ሰርቨር ላይ እንሠራለን። ተረኛው ያን ቀን ሌላ ሥራ እንዲሠራ አይጠበቅበትም። ይቺን ነጥብ አለቃ ካልተቀበለ ተራ ማውጣቱ ከንቱ ነው።

ጠርጣራ
ሁላችሁም ነገሩን አሳምራችሁ ታወራላችሁ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ብዙ ሰው ከውክቢያው መውጣት አይፈልግም። ቢዚ መሆን ማዕረግ ሆኗል። "እንዴት ነህ?" ሲባል "ቢዚ ነኝ ባክህ" የማይል ማን አለ?

ድሮ ሰው በሥራ ላይ መሆኑ በፋብሪካው ምርት ይታወቅ ነበር። ቢሮ ውስጥ ግን የአንድ ሰው ሐሳብ አይታይም። አንድ ሰው ጸጥ ብሎ ውል ሲያነብ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ግሩፕ ላይ ቶሎ ቶሎ "ኖትድ"፣ "ደርሶኛል"፣ "እሺ" የሚል ሰው ግን ጎበዝ ይመስላል። ኦንላይን ነው የምትለዋ አረንጓዴ ነጥብ እንዳትጠፋበት ማውሱን የሚነቀንቅ ሰው አውቃለሁ። የምሬን ነው። ምሳ እየበላ ማውሱን ይነቀንቃል።

ሲሲውስ (የኢሜይል ግልባጩ)? ሲሲ መረጃ ለማካፈል ነው ይባላል። ውሸት ነው። ሲሲ ጋሻ ነው። ነገ ነገሩ ሲበላሽ "አሳውቄህ ነበር" ለማለት ነው የሚደረገው። አለቃው ስለተካተተ መላሹም ኮስተር ብሎ ይጽፋል፣ እሱም በተራው የራሱን አለቃ ይጨምራል፣ በሁለት ሰው መካከል በአንድ ስልክ የሚያልቅ ነገር የሰነድ ጦርነት ይሆናል። በዚህ ላይ ሪፕላይ ኦል አለ። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2016 ያዩትን ፈልጋችሁ አንብቡ። አንድ የሙከራ ኢሜይል በስህተት ከ8 መቶ ሺህ በላይ ለሆነ ሰው ተላከ። ከዚያ ሰዉ "እባካችሁ ከዚህ ዝርዝር አውጡኝ" እያለ ለሁሉም መመለስ ጀመረ። ሌላው ደግሞ "እባካችሁ ለሁሉም አትመልሱ" ብሎ ለሁሉም መለሰ። ሲስተሙ ተንፏቀቀ። አፕ አይደለም ያንን ያደረገው፣ ሰው ነው።

ባለወንበሯ
እኔ ደግሞ እናንተ የምታሙት ወገን ነኝ፣ የክፍል ኃላፊ። ከወንበሩ በኩል ያለውንም ስሙ።

ኃላፊ "ስንት ደረሰ?" ብሎ የሚጠይቀው ሠራተኛን ለማዋከብ አይደለም። እኔንም ከላይ "ስንት ደረሰ?" ይሉኛል፣ የምመልሰው ስለሌለኝ ወደ ታች አወርደዋለሁ። ጥያቄው ከላይ ሲወርድ አንድ ነው፣ እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ሲደርስ ይባዛል። ታዲያ ይሄን የሚያቆመው ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ሳይጠየቁ መናገር ነው። እኛ ጋ አንድ ልጅ አለ፣ ጠዋት ሥራ ሲጀምር ሦስት መስመር ይጽፍልኛል። ትናንት ምን እንዳለቀ፣ ዛሬ ምን እንደያዘ፣ ምን እንዳስቸገረው። እሱን ቀኑን ሙሉ አልጠይቀውም። ለምን ልጠይቀው? አውቀዋለሁ እኮ። ከሱ አጠገብ ያለው ደግሞ ጎበዝ ሆኖ ሳለ ዝም ስለሚል ሦስት አራት ጊዜ እየደወልኩ ሥራውን አቋርጠዋለሁ። የሚገርማችሁ ግን "ኃላፊዋ አላሠራ አለችን" የሚለው ሁለተኛው ነው።

ማታ ስለሚላከውም ልናገር። እኔ ጭንቅላቴ የሚሠራው ማታ ነው። ሐሳቡ እንዳይጠፋኝ እጽፋለሁ፣ ግን እንዲደርሳቸው የማደርገው ጠዋት ነው። ቴሌግራም ላይ የመላኪያዋን ቁልፍ ተጭናችሁ ስትቆዩ ሰዓት የምትመርጡበት ይመጣል፣ ጂሜይልም ላይ አለ። "ነገ ነው የሚታይ፣ አትቸኩል" ብሎ ማታ መላክ ዋጋ የለውም። ከኃላፊ የመጣ መልእክት ያየ ሰው እንቅልፉ ተበጥብጧል፣ መጨረሻው ላይ ምንም ይጻፍ ምን።

ጠርጣራ
@ባለወንበሯ እትዬ፣ እርስዎ ጥሩ ኃላፊ ይመስላሉ፣ አልዋሽም። ግን ያ ሦስት መስመር ነገ በሌላ ኃላፊ እጅ ሲገባ ባለ ሁለት ገጽ ፎርም ይሆናል። ፎርሙ ደግሞ ሲስተም ይገዛለታል። ሲስተሙ ሥልጠና ይሰጥበታል።

ባለወንበሯ
@ጠርጣራ 😂 እሱስ እውነትህን ነው። ለዚህ ነው ቴምፕሌት ያላወጣሁለት።

ምዕራፍ ሁለት
ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። የማስተርስ ጽሑፌ በዚሁ ዙሪያ ስለሆነ ላለፉት ወራት ሳነብ የኖርኩት ይሄን ነው (ስሜ የመጣው ከየት እንደሆነ የገባው ይገባዋል፣ ምዕራፍ ሁለት ላይ ተቀርቅሬ ቀርቻለሁ)።

ባለመዝገብ "ሁሉም ይሯሯጣል" ያለው ነገር በጥናት የታየ ነው። ግሎሪያ ማርክ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመችው ሙከራ እየተቋረጡ የሚሠሩ ሰዎች ሥራውን ካልተቋረጡት ፈጥነው ጨረሱት። አዎ፣ ፈጥነው! የባከነውን ለማካካስ ይጣደፋሉ። የከፈሉት በሌላ መንገድ ነው። ውጥረታቸው፣ ብስጭታቸውና የጊዜ ጫና ስሜታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ስለዚህ አለቃ ከውጭ ሲያይ "ሥራው እየሄደ ነው፣ ምን ቸገራቸው?" ቢል አይፈረድበትም። ሒሳቡ ሰውዬው ውስጥ ነው ያለው፣ ሪፖርት ላይ አይወጣም።

ሶፊ ለሮይ የምትባል ሌላ ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳየችው አለ። ሰው ያላለቀ ሥራ ትቶ ወደ ሌላ ሲዞር ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ አብሮት አይዞርም፣ የተወሰነው እዚያው ይቀራል። ውሉን እያነበብክ "አንድ ደቂቃ" ብለህ ቻት ታያለህ፣ ቻቱ ላይ ያለውን አሁን መመለስ አትችልም፣ ወደ ውሉ ትመለሳለህ፣ ግን አንቀጽ 4ን ደግመህ ደጋግመህ ታነበዋለህ። ዓይን ያነባል፣ ልብ የለም። ጊዜው የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው፣ ቻቱ ራሱማ አንድ ደቂቃ ነው የወሰደው።

መፍትሔ ለምትሉ፣ ኩሽሌቭና ደን የተባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት አለ። 124 ሰዎች አንዱን ሳምንት ኢሜይላቸውን በቀን 3 ጊዜ ብቻ እንዲያዩ፣ ሌላውን ሳምንት እንደፈለጉ እንዲያዩ ተደረገ። በ3 ጊዜው ሳምንት ጭንቀታቸው ቀንሶ ተገኘ። ልብ በሉ፣ ሰዎቹ ኢሜይል አልተዉም። በየሰከንዱ የሚያዩትን ሰብሰብ አደረጉት እንጂ።

ዝም በል
ይኸው፣ እኔም እኮ ያልኩት እሱን ነው። ኖቲፊኬሽን ዝጋ።

ምዕራፍ ሁለት
@ዝም በል በከፊል ልክ ነህ። ግን በቢሮ ጥናቶች እንደታየው ሥራችን ከሚቋረጥባቸው አጋጣሚዎች ግማሽ ገደማ የሚሆነውን የምንፈጥረው ራሳችን ነን። ማንም ሳይጠራን እንነሳለን፣ ማንም ሳይልክ እንከፍታለን። እሱን ሴቲንግ አይዘጋውም።

ሒሳብ ክፍል
ስለ መልእክት ብቻ ታወራላችሁ። የኛን ጉድ ስሙ። ወር ሲዘጋ አንዱን የወጪ ቁጥር መጀመሪያ ሶፍትዌሩ ላይ አስገባዋለሁ። ኃላፊው ሶፍትዌሩን መክፈት ስለማይወድ ያንኑ ቁጥር ኤክሴል ላይ እገለብጣለሁ። ከዚያ ለሥራ አመራሩ ስላይድ ይሠራበታል። አራተኛ ደግሞ የኤክሴሉን ስክሪንሾት ግሩፕ ላይ እለጥፋለሁ፣ ምክንያቱም ስልክ ላይ ፋይሉ ለአንዳንዱ አይከፈትም። ቁጥሩ በመጨረሻ ሰዓት ሲታረም (ሁሌም ይታረማል) አራቱንም ቦታ ማረም አለብኝ። ስክሪንሾት ደግሞ አይታረምም! አሮጌው ስክሪንሾት ግሩፕ ላይ ተቀምጦ በሳምንቱ ስብሰባ ላይ አንዱ "እኔ ጋ ያለው ቁጥር ሌላ ነው" ብሎ ስልኩን ያወጣል። ከዚያ ማን ልክ እንደሆነ ለማጣራት ሌላ ስብሰባ።

ሶፍትዌሩ ሲገዛ "ሥራችሁን ያቀልላችኋል" ተብለን ነበር። ሥራው አልቀለለም፣ አሮጌው እንዳለ ሆኖ አዲሱ ተጨመረበት።

የሲስተም ሰው
@ሒሳብ ክፍል ይሄን ያህል ጥሩ ምሳሌ አላየሁም። እኔ አዲስ ሲስተም አምጣ ስባል የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ "ይሄ ሲገባ የሚወጣው የትኛው ነው?" መልስ ከሌለ አልጭንም ማለት አልችልም፣ ግን ደብዳቤ ላይ እንዲሰፍር አደርጋለሁ። ብዙ ጊዜ ያኔ ዝም ይላሉ።

ለአንተ ደግሞ፣ ስክሪንሾቱን ተወው። ፋይሉ የጋራ ቦታ ላይ ይቀመጥና ግሩፑ ላይ ሊንኩን ፒን አድርገው። ሲታረም ሊንኩ ያው ነው። "አይከፈትልኝም" የሚሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ሄደህ ስልካቸው ላይ ክፈትላቸው። አንድ ከሰዓት ይወስድብሃል፣ ከዚያ ወር በወር ትገላገላለህ።

ሒሳብ ክፍል
እሞክረዋለሁ። አንደኛው "አይከፈትልኝም" የሚለው ሰውዬ ግን ስልኩ አይመስለኝም ችግሩ 🙄

ፊት ለፊት
አዲስ መከራ ደግሞ ልጨምርላችሁ፣ ኤአይ። ቻትጂፒቲ ከመጣ ወዲህ የሁሉም ኢሜይል ረዘመ። ድሮ "ነገ 4 ሰዓት ስብሰባ አለ" ይባል ነበር። አሁን መግቢያ አለው፣ ዓላማ አለው፣ "በትብብር መንፈስ" የሚል አለው፣ ሰዓቱ ሦስተኛው አንቀጽ ውስጥ ተደብቋል። ተቀባዩ ደግሞ ማንበብ ስለሚታክተው ለኤአይ ሰጥቶ "አሳጥርልኝ" ይላል። ያም ሲያሳጥረው "ነገ 4 ሰዓት ስብሰባ አለ" ይላል።

ጠርጣራ
ሃሃ ይቺን ሰርቄያታለሁ። ሁለት ማሽኖች ሲነጋገሩ መሐል ላይ ደመወዝ የምንቀበለው እኛ ነን ማለት ነው።

ግን ቁም ነገሩን ልብ በሉ። ኸርበርት ሳይመን የሚባል አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1971 በታተመ ጽሑፉ መረጃ የሚበላው የተቀባዩን ትኩረት ነው ብሎ ነበር፣ መረጃ ሲበዛ ትኩረት ይደኸያል። 1971! የሲስተም ሰው ስለ መጀመሪያው ኢሜይል የነገረን ያው ዓመት። ኤአይ ያደረገው ምንድን ነው? የጸሐፊውን ድካም ወስዶ ለአንባቢው ጨመረ። እኔ ረጅም ኢሜይል ሲመጣልኝ "ከኔ የሚፈለገው ምንድን ነው?" ብዬ በአንድ መስመር እመልሳለሁ። ሰዉ ተናዶብኛል፣ ግን ማሳጠር ጀምሯል።

ባለመዝገብ
እያነበብኩ ነው፣ እግዜር ይስጣችሁ። ሕግስ የለም እንዴ በዚህ ላይ? ፈረንሳይ ውስጥ አለ ሲባል ሰምቻለሁ።

ምዕራፍ ሁለት
አለ። የፈረንሳዩ ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ነው የሚሠራው። 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ከሥራ ሰዓት ውጭ ስላለው ግንኙነት ከሠራተኞቹ ጋር መደራደር አለበት። ፖርቹጋል እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ቀጣሪው አዙራዋለች፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሠራተኛውን አታነጋግር ብላ። አውስትራሊያ ከእ.ኤ.አ. ኦገስት 26 ቀን 2024 ጀምሮ ሠራተኛው ከሰዓት ውጭ የመጣን መልእክት አለማየትና አለመመለስ መብቱ ነው፣ እምቢታው ምክንያት የለሽ ካልሆነ በቀር። ከሕጉም በፊት ፎልክስቫገን እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ላይ ጀርመን ውስጥ ለተወሰኑ ሠራተኞቹ ሰርቨሩን ከፈረቃ በኋላ በ30 ደቂቃ ዘግቶ ከፈረቃ በፊት በ30 ደቂቃ ይከፍት ነበር። ስልካቸው ላይ ኢሜይል አይገባም ማለት ነው።

ባለወንበሯ
ሕጉ መልካም ነው። ግን ሁሉም ስለ ማታ ነው የሚያወሩት። የባለመዝገብ ጣጣ ቀን ነው። ማታውን በሕግ ብትዘጋው ቀኑ እንደዚሁ ከቀጠለ ያደረውን ሥራ መቼ ልትሠራው ነው? ጭራሽ ማታ ተደብቀህ ትሠራለህ። ለቀን የሚሆን ሕግ የለም፣ ክፍል ለክፍል ነው የሚስማማው።

የሲስተም ሰው
ስለ ስብሰባ ማንም አላነሳም፣ ባጭሩ ልበለው። አውትሉክም ጉግል ካላንደርም ላይ ስብሰባን በራሱ ቀደም ብሎ እንዲያልቅ የሚያደርግ ሴቲንግ አለ። 30 ደቂቃው 25፣ 1 ሰዓቱ 50 ይሆናል። መሐል ላይ ትንፋሽ ታገኛላችሁ። ከዚያ ውጭ አጀንዳ የሌለው ስብሰባ ላይ አትሂዱ እላለሁ፣ ግን መሄዳችሁ እንደማይቀር አውቃለሁ።

ባለመዝገብ
እሺ፣ ከሁላችሁም ለቃቅሜ ለአለቃዬ የምልከውን ጻፍኩ። አለቃዬ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ግን "ሥራ ሊቀንስ ነው" ብለው እንዳያስቡ ሰጋሁ። እዩልኝማ።

"ሰላም ጋሼ። የወሩ ሪፖርት እየዘገየ ያስቸገርኩዎት ቀኑ በጥያቄ ስለሚበጣጠስብኝ ነው። ለሁለት ሳምንት ልሞክረው የምፈልገው ነገር አለ። ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ሪፖርቱ ላይ ብቻ እሆናለሁ። በዚያ ሰዓት አስቸኳይ ካለ ይደውሉልኝ፣ ወዲያው አነሳለሁ። ሌላውን ከ5 ሰዓት በኋላ በአንድ ላይ እመልሳለሁ። የደረስኩበትንም ሁልጊዜ ጠዋት በሦስት መስመር እጽፍልዎታለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የተጓደለ ነገር ካለ እንተወዋለን።"

ባለወንበሯ
ለኔ ቢላክ እፈቅዳለሁ። ሁለት ነገር ልንገርህ። "ያስቸገርኩዎት" የሚለውን አውጣው፣ ጥፋተኛ ሆነህ አትግባ። "ቀኑ በጥያቄ ስለሚበጣጠስብኝ" የሚለውም ጠያቂው እሳቸው ከሆኑ ወቀሳ ይመስላል። "ሪፖርቱ በሰዓቱ እንዲደርስልዎ አንድ ነገር አስቤያለሁ" ብለህ ጀምር። ኃላፊ የሚገባው ቋንቋ እሱ ነው። "ይደውሉልኝ፣ ወዲያው አነሳለሁ" የሚለውን ግን እንዳትነካው፣ ደብዳቤውን የሚያስፈቅደው እሱ ነው።

ጠርጣራ
"ሁለት ሳምንት" የሚለው ጥሩ ነው። ሙከራ ማንም አይፈራም። ለዘለዓለም ብትለው ኮሚቴ ይቋቋምበት ነበር።

የሲስተም ሰው
አንድ ነገር ጨምር። ለአለቃህ ብቻ አትላከው፣ አብዝተው ለሚጠይቁህ ሁለት ሦስት ሰዎችም በቃል ንገራቸው። አለቃ ፈቅዶ ባልደረባ ካላወቀ "ኮራብን" ነው የምትባለው።

ባለመዝገብ
ላክሁት። እንደ እትዬ ምክር አስተካክዬ ነው። መልሳቸው ይኸውና፦ "ጥሩ ነው። ግን ሰኞ ጠዋት የአመራር ስብሰባ ስላለ ሰኞን ተወው። ሌላውን ቀን ሞክረው።" ሰኞ ከእጄ ወጣ፣ አራቱን ቀን አገኘሁ። ቴሌግራሙ ላይ ደግሞ የክፍሉን ግሩፕ ሚዩት አደረግኩት፣ በስሜ ወይም ለጻፍኩት መልስ ሲመጣ ብቻ ይነግረኛል። ያ ሌላኛው ግሩፕ ግን አልተነካም 😁

ፊት ለፊት
መልእክትህን ልገለብጠው እችላለሁ? እኛም ጋ ተረኛ የሚለውን ላቀርብ ነው፣ አጀማመሩ ጠፍቶኝ ነበር።

ባለመዝገብ
ውሰጂው እህቴ። ያቺን "ጋሼ" የምትለዋን ብቻ አለቃሽን በምትጠሪበት ቀይሪያት።